ያልተቆጠረው ኩንታል፦ ከጎርጎራ ኖራ እስከ ዓባይ ድልድይ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ በባሕር ዳር ሲመረቅ ቁጥሮቹ በየሚዲያው ተደጋገሙ። ርዝመት 380 ሜትር፣ ስፋት 43 ሜትር፣ ወጪ 1.4 ቢሊዮን ብር ገደማ። ሠሪው የቻይናው ሲሲሲሲ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ብቻውን ከተማዋን ሲያሻግር የኖረው ጠባቡ አሮጌ ድልድይም ዕረፍት አገኘ። የከተማው ሰው ተደሰተ፣ ቢደሰትም አይፈረድበትም።

ከቁጥሮቹ መሀል ግን አንድ ቁጥር አልነበረም። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባበት? ያን ሲሚንቶ ለማምረትስ ስንት ቶን ካርቦን ወደ አየር ወጣ? ጥያቄው ድልድዩን ለመንቀፍ የተነሣ አይደለም። ስለ የትኛውም የአገራችን ግንባታ ሲነገር ይህ ቁጥር አብሮ ተነግሮ አያውቅም። አውሮፓ ውስጥ ግን ዛሬ ይህን ቁጥር ያላቀረበ ባለቤት ሕንፃ እንዳይሠራ የሚከለክሉ አገሮች አሉ። ቁጥሩን የሚያወጣውም በአብዛኛው ኮምፒውተር ነው፤ የሕንፃውን እያንዳንዱን ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ ከነክብደቱ የሚመዘግብ የዲጂታል መረጃ ሥርዓት።

ይህ ነገር ለጣና ዳር ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የግንባታ ታሪክ ውስጥ የካርቦን ጉዳይ አንድ ቦታ ይጀምራል ከተባለ፣ የሚጀምረው እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። (በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከሰሜኑ ዳርቻ ከጎርጎራ እንጀምር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ አካባቢ ከተሙ። ኢየሱሳዊው ስፔናዊ ፔድሮ ፓኤዝም እዚሁ ነበር፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአገሩ ድንጋይ የሚያያዘው በጭቃ ነበር፣ አለዚያም ያለ ምንም ማያያዣ ተጠርቦ ይደረደር ነበር። በ1620ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ መኖሩን ለየ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው የጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን፣ የደንቀዝ ቤተ መንግሥት፣ በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ፏፏቴውን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ የሚሻገረው አሮጌው የአላታ የድንጋይ ድልድይ የዚያ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አስጎብኚዎች ግንቡ የተያያዘው በእንቁላል ነው ይላሉ። እንቁላሉን ለጊዜው እንተወውና ዋናው ማያያዣ ኖራ ነበር።

ኖራ እንዴት ይሠራል? የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ይቃጠላል። 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ ወደ ምድጃው ቢገባ 56 ኪሎ ኖራ ይወጣል። የቀረው 44 ኪሎ የት ሄደ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአየር በንኖ ጠፋ። ይህ ከእንጨቱ ጭስ ውጪ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ የሚተፋው ነው። ስለዚህ የጎርጎራ ምድጃ ሲለኮስ፣ በዚህ አገር የማገዶ ያልሆነ፣ ከድንጋይ የሚወጣ የግንባታ ካርቦን መዝገቡ ተከፈተ ማለት ይቻላል። መዝጋቢ ግን አልነበረውም።

ለኖራ ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የኖራ ጭቃ የሚደርቀው የተፋውን ካርቦን ከአየር መልሶ እየጠጣ ነው። ዓመታት ይፈጅበታል እንጂ ከድንጋዩ የወጣውን አብዛኛውን መልሶ ይወስዳል። የማይመለሰው ለምድጃው የተቆረጠው እንጨት ነው።

ሱስንዮስ ዙፋናቸውን እ.ኤ.አ. በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ኖራው ግን አልተባረረም። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግንበኞቹ ያንኑ ጥበብ ይዘው ሄዱ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን በድንጋይና በኖራ አሠሩ። ሃይማኖቱ ተጥሎ ሙያው ቀረ። ይህ በታሪካችን ብዙ ያልተወራለት ብልህነት ነው።

እዚያው ጎርጎራ ላይ ግን ሌላ ምስክር ቆሟል። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከማርያም ግንብ በጣም ይቀድማል፤ መሠረቱ ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የተሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን ነው። ማርያም ግንብ ፈራርሶ የአርኪዮሎጂስቶች መቆፈሪያ ሲሆን፣ የጭቃው ደብረ ሲና ዛሬም ይቀደስበታል። ጭቃ ከኖራ ይበረታል ማለት አይደለም። የደብረ ሲናን ጣሪያ መቼ መክደን፣ ግድግዳውን በምን መምረግ እንደሚገባ የሚያውቅ ደብርና ምእመን ሳይቋረጥ ኖሯል። የሕንፃው መረጃ በሰው ውስጥ ተቀምጦ ተላልፏል። የግንቡ መረጃ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ወጣ።

የቀረው የጣና ዳር ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ቤቱን የሠራው በጭቃ ነው። ጭቃው ከጭድ ተቦክቶ፣ እንጨቱ ከአካባቢው ተቆርጦ፣ ክዳኑ ከሣር። ደንገል ታንኳ ይሆናል፣ ሣር ጣሪያ ይሆናል። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ማገሩና ወጋግራው ከእሱ ሆነ። ቆርቆሮ ሣሩን ተካ። የዚህ ቤት የካርቦን ሒሳብ ከቆርቆሮውና ከሚስማሩ በቀር ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ሲሚንቶ የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በወረራው ዘመን በድሬዳዋ ተተከለ። ጣሊያኖች የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑም ኖራውን ትተው ሲሚንቶና አርማታ ተጠቀሙ። በኋላ ግን ባለሙያዎች ያን ሲሚንቶ እየነቀሉ ኖራ መልሰው አስገቡ፤ ሲሚንቶ ለአሮጌ ድንጋይ ደረቅና ግትር ነው፣ እርጥበት አያስተነፍስም። ጠጋኞቹ መጀመሪያ ያስፈለጋቸው ነገር ምን ነበር? ግንበኛው ከ300 ዓመት በፊት ምን ከምን ጋር እንደደባለቀ ማወቅ ነው። የተጻፈ መዝገብ ስላልነበረ ግድግዳውን ራሱን መጠየቅ ነበረባቸው።

ሲሚንቶ ከኖራ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። እሳቱ 1,450 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ የተፋውን ካርቦን ደግሞ እንደ ኖራ መልሶ አይጠጣም፣ ከብዙ ዘመን በኋላም የሚወስደው ጥቂቱን ነው። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን የሚሆን፣ ከነነዳጁ ደግሞ ከ0.8 ቶን የማያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም ጠቅላላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶው የሲሚንቶ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ከሐይቅ ዳር መንደርነት በአንድ ጊዜ ወደ ከተማነት ዘለለች። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ማስተር ፕላኗን ነደፈ፤ ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊና ዘንባባ የተተከለባቸው መንገዶች ከዚያ ይመጣሉ። ዋና ከተማውን ወደዚህ የማዛወር ሐሳብም ነበር። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። ከሁሉ በላይ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያው በ1963 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል ወጣት ስኬችፓድ ብሎ የሰየመውን የዶክትሬት ሥራ አቀረበ። በስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መስመር መሣል፣ የተሣለውንም ማንቀሳቀስና ማስተካከል የሚቻልበት ፕሮግራም ነበር። ባሕር ዳር ላይ ተማሪዎች በቲ ስኩዌርና በእርሳስ ንድፍ መሣል ሲጀምሩ፣ በሌላው ጫፍ እርሳስን የሚተካው ነገር ተወልዶ ነበር። ሁለቱ እስኪገናኙ ብዙ ዓመት ፈጀ።

ከስኬችፓድ ይልቅ ለካርቦን ሒሳብ የሚቀርበው ግን ሌላ ሰው ነው። አርክቴክቱ ቻርለስ ኢስትማን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። አንድ ግድግዳ በፕላን ላይ አንድ ጊዜ፣ በሴክሽን ላይ ሁለተኛ፣ በኤሌቬሽን ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይሣላል። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ሲገፋ ሦስቱም ቦታ መስተካከል አለበት፤ አንዱ ይረሳል፣ ግንበኛውም የተረሳውን ይዞ ይሠራል። ኢስትማን ያለው፦ ሕንፃውን አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ውስጥ እንገንባው፤ ሥዕሉም፣ የቁሳቁሱ መጠንም ከእሱ ይውጣ። ዛሬ በዓለም ቢም የሚባለው የሕንፃ መረጃ ሞዴል ዘሩ ይህ ነው። (ሳይት ላይ «ቢም» ብትሉ ፎርማኑ የሚያስበው አግድም የሚሞላውን አርማታ ነው። ለጊዜው እሱም አልተሳሳተም።)

እኛ አገር የደረሰው መጀመሪያ አውቶካድ ነው። አውቶካድ ደግሞ ፈጣን እርሳስ እንጂ መረጃ አይደለም። መስመሩ ግድግዳ ይሁን የዳቦ መቁረጫ ጠረጴዛ አያውቅም። መጠኑን የሚያወጣው አሁንም ሰው ነው፤ በቴክ ኦፍ ሺት፣ ርዝመት ሲባዛ ስፋት ሲባዛ ቁመት። በአገሪቱ የሚሠራው አብዛኛው ሕንፃ ዛሬም የሚቆጠረው እንደዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ መሀል ጎልቶ ይወጣል። በ1996 እና 1997 ዓ.ም. የጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በጀርመኑ ጂቲዜድ የዝቅተኛ ወጪ ቤቶች ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ብሎኬቱ አንድ ዓይነት፣ ቅድመ ግንባታ ቢሙ አንድ ዓይነት፣ መጠኑም አስቀድሞ የታወቀ። ስለ ኮንዶሚኒየም ጥራት፣ ስለ ዕጣው፣ ስለ ርክክቡ ብዙ ምሬት አለ፤ ተገቢም ነው። ስለ ካርቦን ያሰበም አልነበረም፤ የታሰበው ስለ ብር ነበር። ነገር ግን ንድፉ አንድ ሲሆን መረጃው አንድ ይሆናል፤ አንድ ብሎክ ስንት ኩንታል እንደሚፈጅ ከታወቀ ሁለተኛው ብሎክ ላይ የጠፋው ኩንታል ይታያል። ያ ዕድል በአግባቡ ሳይሠራበት አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን አወጣ። ሰነዱ የአገሪቱን ልቀት በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ነበር ያሰላው፤ በነበረው መንገድ ከተሄደ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ብሎ። ከግብርናና ከደን ቀጥሎ ዓይን የሚስበው የኢንዱስትሪው መስመር ነው፤ ከ4 ሚሊዮን ወደ 71 ሚሊዮን ቶን ይዘላል ተባለ፣ የዝላዩ ትልቁ ድርሻም የሲሚንቶ ነው። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም በዋናነት የፋብሪካ መፍትሔ ነበር፦ የተሻለ ምድጃ፣ ከክሊንከሩ ከፊሉን በፑሚስ መተካት። ሲሚንቶው ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ብዙ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ደርባና ዳንጎቴ ገቡ፣ በመስከረም 2017 ደግሞ በሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ግዙፉ የለሚ ናሽናል ፋብሪካ ተመረቀ። ምርቱ አደገ። የአጠቃቀም ሒሳቡ ግን የነበረበት ነው።

እዚህ ላይ ባሕር ዳርን ከለንደን ወይም ከበርሊን የሚለያት ነገር በደንብ መታየት አለበት። በእነሱ አገር ቤት በክረምት በጋዝ ይሞቃል፤ ስለዚህ ብዙው ካርቦን የሚወጣው ሕንፃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሲኖርበት ነው። የእነሱ ፖሊሲም ለብዙ ዓመት ያተኮረው በግድግዳ ሙቀት መከላከያና በድርብ መስታወት ላይ ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ማሞቂያ አያስፈልግም፣ በአብዛኛው ቤት ማቀዝቀዣም የለም። መብራቱ ደግሞ ከውኃ ነው፤ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ኃይል ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴም ይህን ያጠነክረዋል። ስለዚህ የባሕር ዳር ሕንፃ የካርቦን ዕዳ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው ቁልፉ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በቆርቆሮውና በጭነት መኪናው ናፍጣ። አንድ ጊዜ ከፈሰሰ አምፖል በመቀየር የሚታረም አይደለም። ከውጭ የተቀዳ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚል መመሪያ ስለ መስኮትና ስለ አምፖል እያወራ እዚህ ቢመጣ፣ ትልቁን ነገር ስቶ ትንሹን ይይዛል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 500 ሜትር ኩብ አርማታ የሚወስድ መካከለኛ ሕንፃ ብናስብ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 3.5 ኩንታል ቢገባ 1,750 ኩንታል ይሆናል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ቢጭን ከአራት ተሳቢ ያልፋል። ሲሚንቶው ኦፒሲ ከሆነ፣ በኪሎ 0.8 ኪሎ ካርቦን ብለን 140 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያውም ፌሮውን ሳንቆጥር።

አሁን ሳይቱ ላይ እንውረድ። ሲሚንቶው በኩንታል፣ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ይለካል፤ ሳጥኑ አንዳንዴ ሞልቶ ይከመራል፣ አንዳንዴ ይጎድላል። ድብልቁ ሲደርቅ ውኃ ይጨመራል። ውኃ ሲበዛ አርማታው ይደክማል፤ እንዳይደክም ደግሞ ለጥንቃቄ ሲሚንቶ ይጨመራል። የኪዩብ ናሙናው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብቶ ይሰበራል፣ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ያ ወረቀት ግን ወርቅ ነው። በተከታታይ 20 ናሙና ከተፈለገው በላይ ጠንክሮ ከወጣ፣ ሲሚንቶ በዝቷል ማለት ነው፤ መሐንዲሱ መቀነስ ይችላል። 20ውን ወረቀት ጎን ለጎን ያየ ሰው ከሌለ ግን ማን ይቀንሳል?

ወይም የቧንቧውን ነገር እናንሣ። የሳኒተሪው ንድፍ በአንድ ቢሮ፣ የስትራክቸሩ በሌላ ቢሮ ይሠራል። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቧንቧው በቢሙ መሀል እንደሚያልፍ ይታወቃል። ከዚያ መዶሻና መሮ። ገና የተለሰነ ግድግዳ ተፈልፍሎ የኤሌክትሪክ መስመር ይቀበርበታል፣ እንደገና ይለሰናል። በሞዴል ቢሠራ ኖሮ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ «እነዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ» ይል ነበር። በምሳሌያችን ሕንፃ በድግግሞሽና በብክነት አንድ አሥረኛው ቢጠፋ 175 ኩንታል ነው፣ 14 ቶን ካርቦን ነው።

ከብክነቱ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አለ፣ የሲሚንቶ ምርጫው። ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ ሩብ ያህሉ በፑሚስ ቢተካ፣ 140ው ቶን ወደ 105 ይወርዳል። ኮንትራክተሩ ግን ፒፒሲን ለሶሌታ አይወደውም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ፒፒሲ ቶሎ አይጠነክርም፤ ካሳ ፎርማው ለተጨማሪ ቀናት ይቆያል፣ ካሳ ፎርማ ሲቆይ ኪራይ ይቆጥራል፣ የሚቀጥለው ወለል ይዘገያል። ስለዚህ የካርቦን ጥያቄ መጨረሻ ላይ የጊዜ ሰሌዳ ጥያቄ ይሆናል። የትኛው ሶሌታ ለሦስት ሳምንት ሳይነካ መቆየት ይችላል? የትኛው በአስቸኳይ መጫን አለበት? ይህን በወረቀት የሚመልስ ፎርማን ብርቅ ነው፤ የሥራ መርሐ ግብርን፣ የቁሳቁስ መጠንንና የናሙና ውጤትን አንድ ላይ የያዘ ሥርዓት ግን ይመልሰዋል። ዲጂታል መረጃ ካርቦን ይቀንሳል ሲባል ትርጉሙ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ምንም አይቀንስም። የሚቀንሰው ሰው ነው፣ ካየ።

የአገሪቱ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ስለ ቢም ባለሙያ ሲያሠለጥንና ሲቀሰቅስ ቆይቷል። የቀድሞው ፖሊቴክኒክም ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ችግሩ የዕውቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የፕሮግራሙ ፈቃድ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ብር በገበያ ሲተመን ዶላር ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሞዴሉ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ ሳይት መሐንዲሱም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ሥርዓት በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ ቢኖር ኖሮ ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፍም ነበር። ድልድዩ ግን በዚያው ዓመት ተሠርቶ አልቋል። ስለዚህ ለዚህ ክልል የሚታሰብ ማንኛውም የመረጃ ሥርዓት ያለ ኔትዎርክ፣ በላፕቶፕና በፍላሽ የሚሠራ መሆን አለበት። የዲጂታል ኢትዮጵያ ወረቀቶች ላይ ይህ አይጻፍም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱም ይከብዳል። መጠን በግልጽ ሲታወቅ የሚከፋቸው አሉ። በሲሚንቶ እጥረት ዘመን ሲሚንቶ በኮታ ሲታደል ለአንድ ፕሮጀክት የወጣው ኩንታል ሁሉ እዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ስለመግባቱ ማን አረጋገጠ? ሞዴሉ 1,750 ሲል ወጪው 2,200 ከሆነ፣ የ450ው ኩንታል ጥያቄ ይነሣል። የካርቦን መዝገብና የሌብነት መዝገብ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚጠቀሙት። ቴክኖሎጂው በሥልጠና ብዛት ያልገፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብሎ መጠርጠር ክፋት አይሆንም።

ብሪታንያ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ቢም እንዲጠቀሙ አስገደደች። መነሻዋ ካርቦን ብቻ አልነበረም፤ የሕዝብ ገንዘብ ብክነትም ነው። ፈረንሳይ ከ2022 ጀምሮ የአዳዲስ ሕንፃዎች የዕድሜ ልክ ካርቦን እንዲሰላ በሕግ ደነገገች። ዴንማርክ በ2023 ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ጣሪያ አስቀመጠች፤ በካሬ ሜትር በዓመት ከ12 ኪሎ እንዳይበልጥ። ቅደም ተከተሉን ያያል አንባቢ፦ መጀመሪያ መቁጠር፣ ቀጥሎ ማሳወቅ፣ በመጨረሻ መገደብ።

«የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ እነሱ አበላሽተው እኛ ለምን እንቆጥራለን?» የሚል ክርክር ይመጣል። ፍትሐዊ ክርክር ነው። በኮንቬንሽን ሰዎች ፊት መነሣትም አለበት። ሳይት ላይ ግን ክርክሩ ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም 175ቱ ኩንታል የጠፋው ከኮፐንሃገን ሰው ኪስ አይደለም። ፌሮው በውጭ ምንዛሪ የገባ ነው፤ ሲሚንቶው የዓባይን በረሃ በናፍጣ የወጣ ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። የኮሪደር ልማቱ የሐይቁን ዳርቻ እየቀየረው ነው። ጎርጎራ ላይ ከማርያም ግንብ ፍርስራሽ ሳይርቅ የገበታ ለሀገር ሪዞርት ቆሟል። በጦርነት የፈረሱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በክልሉ ሁሉ መልሰው መገንባት አለባቸው፤ ንድፋቸው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ያመለጠው የአንድ ንድፍ አንድ መረጃ ዕድል ለሁለተኛ ጊዜ እዚህ አለ። የባሕር ዳር ስታዲየምም አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 መስፈርት አላሟላም ብሎ ሲያግደው፣ ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን ለመግጠም ጆሃንስበርግ ድረስ ሄደ። የስታዲየሙ አርማታ ግን ያኔም ተሞልቶ ነበር፤ ካርቦኑ ከወጣ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ የሚሻለው የተሠራውን በትክክል ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ሳያፈርሱ መጨረስ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ ፕሮግራም አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ጨረታ ሲወጣ በሰነዱ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ በንድፉ መሠረት የሚያስፈልገው ሲሚንቶና ፌሮ ስንት ነው፣ ሳይቱ የገባው ስንት ነው፣ የሲሚንቶው ዓይነትና የመጣበት ፋብሪካ የትኛው ነው። ርክክብ ሲደረግም ሦስቱ ቁጥሮች ከፕላኑ ጋር በፋይል ለከተማው ይሰጡ። ኤክሴል ይበቃል። የመንግሥት ግዥ በኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት መካሄድ ጀምሯል፤ ቅጹ አለ፣ የሚጎድለው መስመሩ ነው።